ምዕራፍ ስድስት፦ ቤቱ ይፍረስ፣ ተማሪው ይቁም

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኑ። ስለ ፈተናው አሰጣጥ፣ ስለ ኩረጃውና ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተከራክረናል። ያላለፈው ወጣት ውጤቱን በስልኩ አይቶ ከዘጋ በኋላ ለራሱ የነገረውን ግን ማንም አልጠየቀውም። ስልኩ ላይ ያለው "ፊዚክስ 31" ነው። ልጁ ያነበበው "እኔ አልረባም" የሚል ነው።

ይህ ምዕራፍ ከውጤቱ ተነስቶ በራስ ላይ እስከ መፍረድ ስለሚደርሰው ዝላይ ነው። አንድ ሥራ ሲበላሽ ሠሪው አብሮ የተበላሸ የሚመስለው በተማሪ ላይ ብቻ አይደለም። ሥራ ፈልጎ ያጣ ምሩቅ፣ ንግዷ የከሰረባት ነጋዴ፣ ክፍል ውስጥ የማይደመጥ መምህር ሁሉም ያውቁታል። ወዳጅ ዘመድ የሚያቀርበው መድኃኒት ደግሞ አንድ ዓይነት ነው፤ "አይዞህ፣ ጎበዝ እኮ ነህ" ይለዋል። ቃሉ ደግ ነው፤ ግን እምብዛም አይሠራም። ጥርጣሬ የሚመጣው ማስረጃውን ይዞ ነው፤ የወደቀበትን ፈተና፣ የተሳቀበትን ቀን ቆጥሮ ያቀርባል። ማበረታቻው ባዶ እጁን ስለሚመጣ ይረታል።

መጻፍ የተሻለ መንገድ ነው ሲባል እንሰማለን። እውነት ነው፤ ግን ሁሉም ዓይነት መጻፍ አይደለም። ሌሊት ሌሊት "ለምን እንዲህ ሆንኩ?" እያሉ ደብተር መሙላት ጥርጣሬውን ሊያሳድገው ይችላል። የሚጠቅመው ዓይነት ልክ፣ ሰዓትና ሰሚ ያለው ነው። እንዲህ ያለውን አሠራር ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያሻም፤ በምሥራቅ ጎጃም፣ በወረቀት ላይ ባይሆንም፣ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል።

የቅኔ ቤት ውሎ

ከደጀን ወጥቶ በየጥኖራ በኩል ወደ ቢቸና፣ ከዚያም ወደ ደብረ ወርቅና ሞጣ የሚዘልቀው አገር ዛሬ በጤፉ ይታወቃል። ለቤተ ክህነት ተማሪ ግን የጉባኤ አገር ነው። ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ከየአውራጃው ተማሪ ሲጎርፍበት የኖረ ቦታ ነው፤ ደብረ ወርቅም እንዲሁ። በሰፊው ጎጃም ደግሞ ዋሸራና ጎንጅ የየራሳቸውን የቅኔ ስልት ያወጡ ጉባኤዎች ናቸው፤ ከወሎው ዋድላ ጋር ሦስቱ የቅኔ ቤቶች እየተባሉ ይጠራሉ።

ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ቅኔ ቤት ሲገባ ከዚህ በፊት ያላየው ነገር ይገጥመዋል። ንባብ ሲማር፣ ዳዊት ሲደግም፣ ዜማ ሲያጠና ሥራው የተሰጠውን መያዝ ነበር። ቅኔ ቤት ግን ያልተሰጠውን እንዲያመጣ ይጠየቃል። ግስና አገባብ ከተማረ በኋላ ጠዋት ከሰው ተለይቶ ወደ ዛፍ ጥላ፣ ወደ ወንዝ ዳር ወይም ወደ መቃብር ቦታ ይሄዳል። ይህ ቆጠራ ይባላል። ብራናም ቀለምም አይዝም፤ ቅኔውን የሚያበጀው በልቡ ነው። ሲመለስ የሠራውን ለየኔታ ወይም አስነጋሪ ለሚባለው ነባር ተማሪ ይናገራል፤ ይህ ደግሞ ነገራ ነው። ግሱ ተሳስቶ፣ ዜማው ጎድሎ ወይም ሰሙና ወርቁ ሳይገጥም ቀርቶ ከሆነ እዚያው ይታረማል። ከዚያ የኔታ የራሳቸውን ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪዎቹ እየተቀበሉ ይይዛሉ፤ ምሥጢሩ ይፈታላቸዋል። በማግስቱ ተማሪው እንደገና ቆጠራ ይወጣል።

ሥራው በልክ ነው የሚያድገው። ጀማሪ የሚሞክረው ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና ነው። እሱ ሲቀናው ወደ ባለ ሦስቶቹ ዘአምላኪየና ሚበዝኁ፣ ከዚያ ወደ ባለ አምስቱ ዋዜማ፣ ወደ ባለ ስድስቱ ሥላሴ፣ ወደ ባለ ስምንቱ መወድስ ያልፋል። ዕጣነ ሞገር የሚመጣው በመጨረሻው አካባቢ ነው። ማንም በመጀመሪያው ሳምንት መወድስ አምጣ አይባልም።

አሁን ይህን ሥርዓት በራስ ካለመተማመን አንጻር እንየው። ተማሪው በየቀኑ ይሳሳታል፤ ስህተቱም በሰው ፊት ይነገረዋል። እንዲህ ያለ ኑሮ ሰውን ይሰብራል ብለን እንጠብቃለን። ግን ፍርዱ የት ላይ እንደሚያርፍ ልብ እንበል። የኔታ የሚያፈርሱት ቤት ነው፤ የቅኔውን መስመር ማለት ነው። "ሁለተኛው ቤት ላይ ግሱ አልሰመረም" የሚል እርማት ስለ ልጁ ተፈጥሮ ምንም አይናገርም፤ የሚስተካከልበትን ቦታ ግን ያሳያል። የቅኔ ቤቱ ተማሪ ጥርጣሬ አልጠፋለትም፤ ቦታ ነው የቀየረው። "እኔ እረባለሁ ወይ?" የሚለው መልስ የሌለው ጥያቄ "ይህ ቤት ይቆማል ወይ?" ወደሚል ማታ መልስ ወደሚያገኝ ጥያቄ ወረደ።

ሁለተኛው ብልሃት ነገ መኖሩ ነው። በቅኔ ቤት ወግ አንዴ የተባለ ቅኔ ለሌላ በዓል አይደገምም፤ የሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብም ነውር ነው። የትናንቱ ግሩም ቅኔ ለዛሬ ስንቅ አይሆንም። የትናንቱ ውድቀትም የዛሬ ዕዳ አይደለም። ዝነኛውም ጀማሪውም ማለዳ ላይ እኩል ባዶ ናቸው።

ይህን ስንል ቅኔ ቤቱን ገነት ማድረግ አያስፈልግም። ረሃቡና ብርዱ የከበደባቸው፣ ቁጣው የበረታባቸው ብዙዎች አቋርጠው ተመልሰዋል። "ቅኔ አልገለጥ አለኝ" የሚለው ጭንቀት ምን ያህል ከባድ እንደነበረ የሚመሰክር ሌላ ነገርም አለ። ልባቸው እንዲከፈት አብሾ የጠጡ ተማሪዎች ወሬ በጎጃም አድባራት የታወቀ ነው። አብሾ አእምሮ የሚያናውጥ መርዛማ ነገር ነው፤ ሊቅ ሊሆን የጠጣ እብድ ሆኖ የቀረበት ታሪክ ብዙ ነው። ራስን መጠራጠር አቋራጭ ሲፈልግ የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳየናል። ነባሮቹ ሊቃውንት የሚያውቁት መንገድ ግን ቆጠራ፣ ነገራ፣ እርማት፣ ከዚያ እንደገና ቆጠራ ነበር።

በዚህ መንገድ የወንድ ብቻ የተባለውን ወንበር የያዙ ሴትም ነበሩ። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ነበሩ። ቅኔን ከመምህሩ አባታቸው ተማሩ፤ በኋላም በጎጃም ጸላሎ ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን አስተማሩ። ሴት ቅኔ መምህር ትሆናለች ብሎ የሚጠብቅ ማኅበረሰብ አልነበረም። ሆኖም ነገራ ላይ የሚመዘነው ቅኔው ስለሆነ፣ የተናጋሪው ፆታና ዓይን ከሚዛኑ ውጭ ቀሩ።

ከዲማ የተነሳ ጥያቄ

ራስን መጠራጠር በዚህ መንገድ ይገራል። ዓላማ ግን ከየት ይመጣል? ብዙ ሰው ዓላማውን መጀመሪያ አግኝቶ ከዚያ መጻፍ የሚገባው ይመስለዋል። የደራሲው የሐዲስ ዓለማየሁ ሕይወት በተቃራኒው ይሄዳል።

ሐዲስ በ1902 ዓ.ም. በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተማሩ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊ ትምህርት ቀጠሉ። የጣሊያን ወረራ ሲመጣ በራስ እምሩ ጦር ውስጥ ዘመቱ፤ በ1929 ዓ.ም. ተማርከው ወደ ጣሊያን ተወሰዱ፤ በፖንዛና በሊፓሪ ደሴቶች ታስረው ከስድስት ዓመት በላይ ቆዩ። ከነጻነት በኋላ ኑሯቸው የመንግሥት ሥራ ሆነ፤ ኢየሩሳሌም፣ ዋሽንግተን፣ የተባበሩት መንግሥታት፣ የትምህርት ሚኒስቴር፣ የለንደን ኤምባሲ። በማንም ሚዛን የተሳካ ሕይወት ነው። ዛሬ ግን ስማቸውን ስንጠራ አምባሳደሩ ትዝ የሚለን ከደራሲው በኋላ ነው።

"ተረት ተረት የመሠረት" በ1948 ዓ.ም. ወጣ። "ፍቅር እስከ መቃብር" የተሰኘው ልቦለዳቸው የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ደራሲው ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነበር። የመቼቱ እምብርት በልጅነታቸው የተማሩባት ዲማ ናት። የፊታውራሪ መሸሻ ግቢ፣ የሰብለ ወንጌልና የበዛብህ ፍቅር፣ ሰው እንደ እብድ የሚያየው የጉዱ ካሣ ሙግት፣ ሁሉም በዚያ አገር መሬት ላይ ቆሟል። በ1966ቱ አብዮት ዋዜማና ማግስት ሐዲስ ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚያስፈልጋት የሚጠይቅ መጽሐፍ ጻፉ። በ1974 ዓ.ም. "ወንጀለኛው ዳኛ"፣ በ1980 ዓ.ም. "የልምዣት"፣ በ1985 ዓ.ም. ደግሞ የጦርነቱንና የእስራቱን ዘመን የሚተርኩበት "ትዝታ" መጡ። "ትዝታ" ሲታተም ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነበር።

እነዚህን በአንድ መደርደሪያ ላይ አድርጎ ያየ ሰው አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ሲነሳ ያገኛል፤ ማን በማን ላይ፣ በምን መብት ይፈርዳል? ጉዱ ካሣ ፊታውራሪን የሚሞግተው በዚህ ነው። የአስተዳደር መጽሐፉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። "ወንጀለኛው ዳኛ" ከርዕሱ ጀምሮ ይህንኑ ያነሳል። ጸሐፊው በተረት፣ በልቦለድ፣ በፖለቲካ ጽሑፍና በግል ትዝታ እየተመላለሱ ያንኑ ሲቆፍሩ ኖረዋል። ዓላማ የሚባለው ምናልባት ይህ ነው፤ ሰው ሥራውም አገሩም ዕድሜውም ሲቀየር ደጋግሞ የሚመለስበት ጥያቄ። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚታየው ብዙ ከተጻፈ በኋላ ወደ ኋላ ሲነበብ ነው።

ጥናቶቹ የት ድረስ ይደግፉናል

የግል ጽሑፍን በሳይንስ መመርመር የጀመረ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የታተመው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከርና ባልደረባው ወደ ሃምሳ የሚጠጉ የኮሌጅ ተማሪዎችን በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ ለአራት ተከታታይ ቀናት አስጻፉ። ከፊሎቹ ስለ ተራ ነገር፣ ሌሎቹ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው ጻፉ። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት ወዲያውኑ ስሜታቸው ከበዳቸው፤ በቀጣዮቹ ወራት ግን ወደ ጤና ጣቢያ የሄዱበት ጊዜ ቀነሰ። ፔኔቤከር ጽሑፎቹን መልሶ ሲመረምር የተጠቀሙት ሰዎች ከቀን ወደ ቀን "ምክንያቱም" እና "አሁን ገባኝ" የሚሉ ዓይነት ቃላት ሲጨምሩ አገኘ። ለውጡ የመጣው ምሬቱ ወደ ማብራሪያ ሲሸጋገር ነበር።

ውጤቱን ማጋነን ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2006 መቶ አርባ ስድስት ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ጥቅሙ እውን ቢሆንም በአማካይ ትንሽ መሆኑን አሳየ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሁሉ በላይ ስለሚያከብሩት ነገር ለጥቂት ደቂቃ ሲጽፉ፣ በዘራቸው ምክንያት "አይችሉም" ተብለው የሚገመቱት ልጆች ውጤት መሻሻሉ ተዘገበ። በሌሎች ትምህርት ቤቶች ሲደገም ግን አንዳንዱ ጋ ሠራ፣ አንዳንዱ ጋ ለውጥ አልታየም። ሌላው ጠቃሚ ግኝት የሥነ ልቦና ተመራማሪው የኢታን ክሮስ ነው። ሰዎች በጭንቅ ሰዓት "እኔ" እያሉ ከሚያስቡ ይልቅ ራሳቸውን በስማቸው እየጠሩ ሲያስቡ ጭንቀታቸው ይቀልላል። ቅኔ ቤቱም ይህንን ያውቀዋል፤ ተማሪው ሐዘኑን በቀጥታ አይናገረውም፣ በሰም ሸፍኖ ስለ ሌላ ነገር እየተቀኘ ወርቁን ከውስጥ ያኖራል። ከጉዳዩ ትንሽ ርቆ መቆም ጉዳዩን ለማየት ይረዳል።

ለራስዎ የሚሆን ቅኔ ቤት

ከዚህ ሁሉ ለአንድ ተራ ደብተር የሚሆን አሠራር ማውጣት ይቻላል።

መጀመሪያ ልክ ይስጡት። ገጽ ልሙላ አይበሉ። ለአንድ ወር በየቀኑ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይጻፉ፤ አንዱ የሆነውን፣ ሌላው ምክንያቱን ይናገር። በሚቀጥለው ወር ሦስት፣ ከዚያ አምስት ያድርጉት። ትንሽነቱ ሰበብ ያሳጣል፤ ለሁለት ዐረፍተ ነገር ጊዜ የሌለው ሰው የለም።

ሁለተኛ ቆጠራ ይውጡ። ስልክ የማይደርስበት ቦታና የማይቀየር ሰዓት ይምረጡ። ተማሪው ከጎጆው የሚርቀው ብቻውን ሆኖ በሰው ድምፅ ያልተበረዘ ቃል ለማግኘት ነው።

ሦስተኛ ነገራ ይኑርዎት። በሳምንት አንድ ጊዜ ከጻፉት አንዱን መርጠው ለሚያምኑት አንድ ሰው ያንብቡለት። ሰሚውን "ጥሩ ነው?" ብለው አይጠይቁት። "የቱ ዐረፍተ ነገር አልገባህም? የቱ ውሸት መሰለህ?" ይበሉት። የመጀመሪያው ጥያቄ ፍርዱን ወደ እርስዎ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ፍርዱ ቤቱ ላይ እንዲያርፍ ያደርገዋል።

እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምናባዊ ምሳሌ እንይ። አንዲት የሞጣ ልጅ ፈተና ወድቃ እንዲህ ጻፈች እንበል፦ "እኔ ለትምህርት አልተፈጠርኩም።" ታላቅ እህቷ ሰምታ "የትኛው ትምህርት? ከመቼ ጀምሮ?" አለቻት። በማግስቱ፦ "ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እጄን አውጥቼ አላውቅም፤ ምክንያቱም አንድ ቀን ስሳሳት ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ።" ያ ስለ ተፈጥሮዋ የተሰጠ ፍርድ አሁን ስለ አንድ ቀንና ስለ አንድ ክፍል የተነገረ ታሪክ ሆነ፤ ሊመረመርም ሊስተካከልም ይችላል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ፦ "የተሳሳተ በሚሳቅበት ክፍል ማን ደፍሮ ይጠይቃል?" እዚህ ላይ ጥያቄው ከእሷ አልፎ ወጣ። ይህን ደጋግማ ከጻፈች ምናልባት መምህርት ትሆናለች፤ ምናልባትም ለሰፈሯ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ታስጠና ይሆናል። ከ"አልረባም" ተነስታ ለሌላ ሰው የሚረባ ሥራ ላይ የደረሰችው ማንም "ጎበዝ ነሽ" ስላላት አይደለም።

አራተኛ በየሦስት ወሩ ደብተሩን ከመጀመሪያው ያንብቡ። ለማረም ሳይሆን ለመቁጠር ያንብቡት፤ ተደጋግሞ የመጣው ሰው፣ ቦታና ቁጣ የቱ ነው? በኅዳግ ላይ ምልክት ያድርጉበት። ጥያቄዎ እዚያ ነው ያለው።

ጥንቃቄም ያሻል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተካሄደው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ብዙ ቤተሰብ ሐዘን ተቀምጧል። ገና ትኩስ የሆነን መከራ በግድ መጻፍ ቁስሉን ሊያሰፋው ይችላል። መጻፉ ከቀን ወደ ቀን እንቅልፍ የሚነሳ፣ ያንኑ ሥዕል ብቻ የሚያመላልስ ከሆነ ያቁሙት፤ የሚያምኑትን ሰው፣ የንስሐ አባትን ወይም የጤና ባለሙያን ያማክሩ። ደብተሩ በማን እጅ ሊገባ እንደሚችልም ያስቡበት፤ ስም ሳይጠቅሱ መጻፍ ይቻላል፣ ቅኔ ቤቱም በሰም መሸፈንን ያስተማረው በከንቱ አይደለም።

ከዚህ አሠራር የሚገኘው በራስ መተማመን "እችላለሁ" ብሎ የሚጮህ ዓይነት አይደለም። የተነቀፈ ቤት ይዞ ወደ ጎጆው የሚመለስ፣ ጠዋት ግን አዲስ ለማምጣት የሚወጣ ሰው መተማመን ነው። መሠረቱ የሥራ ልምድ ስለሆነ አንድ ውጤት አያፈርሰውም። ዓላማም ከዚያው ይወለዳል፤ ስለ ራሱ መፍረድ ያቆመ አእምሮ ስለ ሌላ ነገር የሚጠይቅበት ትርፍ ጉልበት ያገኛልና። እንግዲህ ቀጣዩ ሥራ የእርስዎ ነው፤ ዛሬ ስለ ራስዎ የሰጡትን አንድ ጠቅላላ ፍርድ ይጻፉ፣ ከሥሩ "መቼ? የት? ለምን?" ብለው ይጠይቁት፣ መልሱንም እሑድ ለአንድ ሰው ያንብቡለት።